ጭነት

ሰኞ ለት፣ ባቲ ላይ፣ ገበያው ሳይሞላ፣
አባቴን ቀረጽኩት፣ ከግመሏ ኋላ።
ስልኬ ፊቱ ስንጥቅ ነው፤ ምስሉ ላይ አልታየ፤
የታየው የሱ እጅ ነው፣ ገመድ እየለየ።

አርባ ዓመት ጫኝ ነው። ጨው፣ ማሽላ፣ ቆዳ፤
በግመል ጀርባ ላይ ያልሰቀለው እዳ
የለም።

እኔ ልጁ ደግሞ፣ ከፎቶ ቤት ጀርባ፣
በተከራየኋት ክፍል፣ ክረምት ጣራዋ በሚያነባ፣
ድረ ገጽ እሠራለሁ፤
ለሆቴል፣ ለንብ ማኅበር፣ ለድንኳን አከራይ።
የኔም ሥራ መጫን ነው፤ ቃሉን ከሱ ወረስኩ፤
ግመሉን ሳላይ ብቻ፣ ጣቴን እያላወስኩ።

ዘንድሮ «ሙሄ አደም፣ ጫኝ» ብዬ አንድ ገጽ ከፈትኩ፤
ፎቶው ገባ፣ ጽሑፉ ገባ፤ ቪዲዮውን ከነድምፁ ጎተትኩ።
መቶ ሰማንያ ሜጋ! መስመሩ አቃሰተ፤
ክቡ ዞሮ ዞሮ፣ ሰባ ላይ ሲደርስ ሞተ።
መብራትም ተከትሎት ሄደ።

አባቴ ሰምቶ ሳቀ፦
«ከወገቧ በላይ ከጫንክባት፣ ብትመታትም አትነሳ፤
ቀንስ። ጨዉን አትንካ፤ ጆንያውን ግን አንሳ።»

ቀነስኩ።
ሰማዩን ቆረጥኩ፤ ደላላውን፣ ጫቱን፣
የባጃጁን ጥሩምባ፣ የነፋሱን ፉጨቱን።
አሥራ ሁለት ሜጋ ቀረ፤
አባቴ፣ ግመሏ፣ በመሃል ገመዱ።

መጀመሪያ፣ ገጹ ሲከፈት ወዲያው እንዲጮህ አድርጌው ነበር።
ኋላ ሳስበው፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!
አባቴ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም፤
ሰላም ብሎ፣ ደጅ ቆሞ፣ «ግባ» እስኪሉት ጠባቂ፤
ስለዚህ ዝም አሰኘሁት፣
ሦስት ማዕዘኗን ጣት እስኪነካት፣ እስኪመጣ ጠያቂ።

እህቴ ጦይባ ገባች፤
ኩፍኝ በልጅነቷ ጆሮዋን ይዞባት ሄዷል።
ሦስት ማዕዘኗን ነካች፣ አየች፣ ቅንድቧን አነሳች፤
በእጇ፦ «ምን ይላል?»

አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ድምፅ ሳጥብ፣ ሳሰጣ፣
እሷ አንድ ቀን እንኳ በሃሳቤ ሳትመጣ!
ከሥሩ መጻፍ ያዝኩ፤ ቃል በሰከንድ፣ ቃል በሰከንድ፦
«ቢስሚላሂ።» «ሳብ።» «በዚያ በኩል።» «በል ሁለት፣ በል አንድ።»

አንዷ ላይ ቆምኩ፤
ምላሱን ከላንቃው አላቅቆ የሚያሰማት፣
ግመሏ ገና ስትሰማ የምትበረክክላት፣
ፊደል የሌላት።
ከሀ እስከ ፐ ዞርኩ፤ ጨን ሞከርኩ፣ ጸን ሞከርኩ፤
የገበታው ቤት ሁሉ ዝግ ነው፤ ደጅ ጠንቼ ተመለስኩ።
ሲቸግረኝ በቅንፍ
«ግመሏን ያዛታል» ብዬ አለፍኩ።

ጦይባ መልሳ አየችው። ሦስቴ።
ቃሉን ትታ አንገቱን አየች፣
የጉንጩን ስርጉድ፣ የትከሻውን ዝቅታ፣
ገመዱን የያዘው እጅ እንዴት እንደሚፈታ።
ከዚያ በሌባ ጣቷ የኔን ቃል አጠፋች፤
ጻፈች፦
«ግመሏን ይለምናታል።»

እኔ እኮ በዚያ ድምፅ ነው ያደግሁት።

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ መስመሩ ሲቀለው፣ ከተማው ሲተኛ፣
ጫንኩት። ክቡ ዞረ። ሰባ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ሰባ አንድ።
ተነሳ።

ሲነጋ ለአባቴ አሳየሁት።
ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አደረገ፤ ዝም ብሎ አየ፤
አስደግሞኝ አየ።
«ያቺ የግራዋ ቋጠሮ» አለኝ፣
«ላልታለች።»